በደምሴ መንጃ ፈቃድ

በሰው ጫማ የሄደ እግሩ ይላጣል። በሰው መንጃ ፈቃድ የነዳ ምኑ እንደሚላጥ ግን አስቀድሞ የነገረኝ አልነበረም። እኔ ልንገራችሁ፤ የሚላጠው ፊት ነው። ይኸው ስንት ዘመን አልፎ ያ ወሬ ትዝ ባለኝ ቁጥር ጉንጬ ይግላል። ልጆቼ "አባዬን ወባ ተነሣበት" ይላሉ። ወባ አይደለም። ሐጂ ከድር ትዝ ብለውኝ ነው።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ግድም፣ እዚሁ ኮልፌ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቶኛል፣ ጢም አውጥቻለሁ፣ እናቴ ግን ገና "ማሙሽ" ነው የምትለኝ። ሥራዬ ሹፌርነት ነበር። ሹፌር ስላችሁ ታዲያ ትልቅ ነገር እንዳታስቡ፤ የአንድ ሐኪም የቤት መኪና ነበር የምነዳው። ጠዋት ሥራ አደርሰዋለሁ፣ ማታ ቤቱ እመልሰዋለሁ፣ እሑድ መኪናውን አጥባለሁ። ሐኪሙ ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ሲነሣ ዕቃውን ሁሉ ሸጠ። መኪናውም ተሸጠ፣ ፍሪጁም ተሸጠ፤ እኔን የሚገዛ አልተገኘም።

ሁለት ወር ሙሉ የቁልፍ መያዣዬን በጣቴ እያሽከረከርኩ ጦር ኃይሎች አካባቢ ዞርኩ። መያዣው ላይ ቁልፍ አልነበረም። አንድ ቀን አንድ ፉርኖ ቤት በር ላይ ማስታወቂያ አየሁ። "ዳቦ የሚያድል ሹፌር እንፈልጋለን። ሦስተኛ መንጃ ፈቃድ ያለው፣ ጤናው የተሟላ፣ ጠባዩ የተመሰገነ" ይላል። ጤናው በእርግጥ ነበረኝ። ጠባይ እንደ መስካሪው ነው። መንጃ ፈቃዱ ግን አልነበረኝም።

ለማያውቅ ላስረዳ። ያኔ ለቤት መኪና ሁለተኛ መንጃ ፈቃድ ይበቃል። ዕቃ ጭነህ እንጀራህን ልትበላ ከሆነ ግን፣ ጭነቱ ዳቦም ይሁን ድንጋይ፣ ሦስተኛ ያስፈልግሃል። ለሦስተኛ ደግሞ ዓይንህም ጆሮህም ደህና ነው የሚል የሐኪም ወረቀት ታመጣለህ፤ አራት ጉርድ ፎቶግራፍ ታመጣለህ፤ የመንገድ ምልክቱን በቃልህ ትመልሳለህ፤ በመጨረሻ የጭነት መኪናውን በበርሜሎች መካከል ወደኋላ አስገብተህ ታቆማለህ።

እዚህ በርሜሎቹ ላይ ነው ጉዴ። አንድ ጊዜ ሞክሬ ነበር። በርሜሎቹ አራት ናቸው፤ ሦስቱን መታሁ። አራተኛውን የማርኩት አዝኜለት አይደለም፤ መኪናው ሦስተኛው ላይ ወጥቶ ስለቀረ ነው። ፈታኙ መልካም ሰው ነበሩ። በመስኮት አንገታቸውን አስገብተው "ወንድሜ፣ ወደፊት ጥሩ ትነዳለህ። ወደኋላ የሚያስኬድ ሥራ ብቻ አትያዝ" አሉኝ። ለእናቴ ግን መውደቄን መናገር አቃተኝና "ፈታኙ ታመው ፈተናው ቀረ" አልኳት። ምስኪን እናቴ ለፈታኙ ምሕረት ተሳለችላቸው።

እንግዲህ ከፉርኖ ቤቱ በር በቀጥታ የሄድኩት ወደ ደምሴ ነው። ደምሴ የእናቴ ታላቅ እህት የእትዬ ብርነሽ አንድ ልጅ ነው፤ በዕድሜ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ በቁም ነገር ደግሞ ሃያ ዓመት። ሦስት ዓመት የዱቄት መኪና ነድቶ ሲያበቃ የአንድ ፋብሪካ ዕቃ ቤት ጠባቂ ሆኖ ነበርና ሦስተኛ መንጃ ፈቃዱ ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ነበር።

"ለአንድ ወር ብቻ" አልኩት። "እኔ የራሴን እስካወጣ።"

"ፎቶግራፉስ?"

"ግንባራችን አንድ ነው፤ ዘመድ ሁሉ ይመሰክራል።"

እውነቴን ነው፤ ደግሞም በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ አንሺው "አትተንፍስ!" ይልህና ጥቁር ጨርቁ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ስለዚህ መንጃ ፈቃድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ወንዝ የወሰደው ሰው ይመስላል። ደምሴም ወንዝ የወሰደው ይመስል ነበር፣ እኔም እመስላለሁ።

ደምሴ ብዙ አመነታ። በመጨረሻ እናቱ እትዬ ብርነሽ ከጓዳ ሆነው "ስጠው እንጂ! ወንድምህ አይደለም ወይ?" ሲሉ ሣጥኑን ከፈተ። ሲሰጠኝ እጄን ያዝ አደረገና "ስማ፣ እንዳትጋጭ። ብትጋጭ የተጋጨሁት እኔ ነኝ" አለኝ። ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ሐጂ ከድር የፉርኖ ቤቱ ባለቤት ናቸው። ጢማቸው እንደ ዱቄታቸው ነጭ፣ ድምፃቸው ረጋ ያለ። መንጃ ፈቃዱን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና "ደምሴ" አሉ።

ዝም አልኩ።

"ደምሴ አይደለህም?"

"ነኝ ሐጂ! ነኝ!" አልኩ፣ ከወንበሩ ብድግ ብዬ። ሰው ስሙን ሲጠራ እንዲህ ደንግጦ መነሣቱ ሊገርማቸው ይገባ ነበር። እሳቸው ግን ልጁ ትሑት ነው ብለው አሰቡ። መኪናዋን አሳዩኝ፤ ጀርባዋ ዙሪያውን በቆርቆሮ የተዘጋ፣ ትንሽ፣ ቢጫ። ሠፈሩ "ሣጥኗ" ይላታል። ቁልፏን ስቀበል መያዣዬ ከሁለት ወር በኋላ ከበድ አለ። ደስታዬ እስከ ማግሥቱ ቆየ።

በማግሥቱ ጦር ኃይሎች ላይ ትራፊኩ አስቆመኝ። መንጃ ፈቃዱን ገልጦ ቀስ ብሎ አነበበ።

"በመነጽር ይነዳል ይላል" አለኝ። "መነጽርህ የታለ?"

ለካ ደምሴ የሐኪም ወረቀት ሲያወጣ ዓይኑ ደከም ያለ ሆኖ ተገኝቷል! ሁልጊዜ መነጽር ሲያደርግ አያለሁ፤ ለቁም ነገረኝነቱ እንጂ ለዓይኑ አይመስለኝም ነበር።

"ኪሴ ውስጥ ነው ጌታዬ" አልኩ።

"ዓይንህን ኪስህ ውስጥ ከትተህ ነው የምትነዳው?"

የዚያን ቀን ለምኜ አለፍኩ። ማታውኑ ደምሴ ዘንድ ሄጄ አሮጌ መነጽሩን ተዋስኩ፤ አንዱ እጀታ በክር የታሰረ። አንዴ በሰው ስም ከገባህ በሰው ዓይን ለመውጣት ምን ይቀርሃል? ችግሩ የእኔ ዓይን ጤነኛ ነው። መነጽሩን ሳደርግ ዓለም ሁሉ በሾርባ ውስጥ ያለች ትመስለኛለች። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ፤ ትራፊኩ ጋ ስደርስ ብቻ አደርገዋለሁ። በሌላ አነጋገር መንገዱን እያየሁ ስነዳ እቆይና ሕግ አስከባሪ ሲመጣ መንገዱን ማየት አቆማለሁ። አንድ ቀን እዚያው ትራፊኩ ፊት ቀጥ ብዬ ቦይ ውስጥ ገባሁ። ትራፊኩ ከቦዩ ደግፎ እያወጣኝ፣ በታላቅ ርኅራኄ፣ "ወንድሜ፣ መነጽርህ አርጅቷል፤ ከፍ ያለ ቁጥር ይጻፉልህ" አለኝ።

ዓይኔ በዚህ ሄደ። ጆሮዬ የሄደው በፉርኖ ቤቱ ነው።

ሐጂ ከኋላ ሆነው "ደምሴ!" ይላሉ፤ እኔ ዳቦዬን እቆጥራለሁ። "ደምሴ!" ይላሉ፤ እኔ ስለ ምሳ አስባለሁ። ስም ማለት እንደ ቆዳ ነው፤ የሰውን ሲነኩ አያምህም። ሐጂ ይህን ከሁለት ሳምንት በላይ ታዘቡ። ከዚያ አንድ ቀን ጠጋ ብለው አፋቸውን ከጆሮዬ አገናኝተው "ልጄ! ጆሮህን ያምሃል እንዴ?" ብለው ጮኹ።

ምን ልበል? "ስሜ አይደለም" ልበል? "ትንሽ" አልኩ።

"አይዞህ! ሹፌር ጆሮው ካልሰማ አደጋ ነው! እኔ አሽርሃለሁ!" አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በገዛ እጃቸው የጥቁር አዝሙድ ዘይት ጆሮዬ ውስጥ ጠብ ያደርጉልኛል፤ በላዩ ጥጥ ይወትፉበታል። ጥጡ ከገባ በኋላ ሲጠሩኝ እውነትም አልሰማም። "ይኸው ባሰበት" ይላሉ፤ ዘይቱን ይጨምራሉ። ሠራተኞቹ ሁሉ ሲያናግሩኝ መጮህ ለመዱ። ሐጂ ደግሞ "ከሶላት በኋላ ስምህን እየጠራሁ ዱዓ አደርግልሃለሁ" አሉኝ።

እንግዲህ ተመልከቱኝ። ጤናው የተሟላ ተብዬ የገባሁ ሰው በሦስት ወር ውስጥ ዓይኔ የፈዘዘ፣ ጆሮዬ የደነቆረ ሆንኩ። ደመወዜ በሰዓቱ ይመጣል፣ ዳቦው ትኩስ ነው፣ እናቴም በልጇ ኮርታለች። የራሴን ፈቃድ ለማውጣት ግን አልሄድኩም። "በሚቀጥለው ሳምንት" እላለሁ፤ በርሜሎቹ በዓይኔ ይመጡብኛል፤ ሳምንቱ ያልፋል። አንድ ወር ያልኩት አምስት ወር ሆነ።

በአምስተኛው ወር አንድ ረፋድ ላይ ኮልፌ ገበያ ዳር ለአንድ ሱቅ ዳቦ እያወረድኩ ሳለ የፉርኖ ቤቱ ጋጋሪ ጋሽ ሳህሌ በብስክሌት እየበረሩ መጡ። ጋሽ ሳህሌ ከምድጃው ፊት ተለይተው አያውቁም። ከነዱቄታቸው፣ ነጭ በነጭ ሆነው ሲመጡ ሳይ ደነገጥኩ። ብስክሌቱን ጣሉና ትከሻዬን ያዙ።

"ደምሴ፣ ወንድ ነህ። ጠንከር በል" ብለው ጮኹ፣ በጆሮዬ።

"ምን ሆነ?"

"እናትህ ትንሽ አሟቸው ነበር አሉ… እንግዲህ የእሱ ሥራ ነው። ጡሩምባ ነፊው አሁን በእኛ በር አለፈ።"

ጌታዬ! እዚህ ላይ ፍረዱኝ። ማንም ሰው "እናትህ" ሲሉት የሚታየው የገዛ እናቱ ናት። ያን ሰዓት ደምሴ መሆኔን ፈጽሞ ረሳሁት። ጠዋት እናቴ "ደረቴን ወጋ ወጋ አደረገኝ" ብላኝ "በቃ ተኚ" ብያት ነበር የወጣሁት። ጋሽ ሳህሌ ሊይዙኝ ሲሞክሩ አመለጥኳቸውና ሣጥኗ ላይ ወጣሁ።

የኋላ በሯን አልዘጋሁም። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። እኔ የመኪናዋን ጡሩምባ እየነፋሁ፣ "እማዬ! እማዬ!" እያልኩ ዳገቱን ስወጣ ዳቦው ከኋላዬ እየተንከባለለ ይወርዳል። ሰው ይሰበስባል። የኮልፌ ሰው ደግሞ ሐቀኛ ነው፤ ዳቦውን ታቅፎ "ኧረ ሹፌር! ዳቦህ ፈሰሰ!" እያለ ይከተለኛል። በመስታወት ሳይ አርባ የሚሆን ሰው እየጮኸ ይሮጣል። "ሠፈሩ ሁሉ ለእናቴ ወጣላት" አልኩና ጨርሼ አለቀስኩ።

ቤታችን በር ላይ ስደርስ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ከግቢው ስትወጣ ተገናኘን።

ቁማ! እየሄደች! ወርጄ እግሯ ላይ ወደቅሁ።

"ማሙሽ! ምን ሆነህ ነው?"

"አለሽ? አለሽ እማዬ? ማን ነው የሞተው?"

"እህቴ…" አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። "እህቴ ብርነሽ። ልቧ ነው።"

"ተመስገን!" አልኩ።

አዎ። እንዲህ ነው ያልኩት። ቃሉ ከአፌ የወጣው ጮክ ብሎ ነው፤ አርባው ሰው ዳቦውን እንደታቀፈ ደርሶ ሰምቶኛል። እናቴ ቁልቁል አየችኝ። አልተቆጣችም፣ አልመታችኝም። ብቻ አየችኝ። ልጅ ሆኜ በቀበቶ የተገረፍኩት ሁሉ ቢደመር ያን አስተያየት አያህልም። "ስጠው እንጂ" ብለው ከጓዳ የፈረዱልኝ አክስቴ ናቸው እኮ የሞቱት!

ከመሬት ስነሣ ነው ሁለተኛው ነገር የገባኝ። ጡሩምባው በፉርኖ ቤቱ በር ያለፈው "የደምሴ እናት" እያለ ነው። የደምሴ እናት አረፉ ከተባለ ደግሞ ሐጂ ከድር ቁጭ ብለው አይቀሩም።

እናቴን አሳፍሬ ወደ አክስቴ ቤት በረርኩ። ሐጂን ድንኳኑ ሳይገቡ በር ላይ ይዤ፣ ወደ ጎን ወስጄ፣ ሁሉንም ልነግራቸው ነው አሳቤ። ደረስኩ። ሐጂ ገብተዋል። የፉርኖ ቤቱን ሠራተኛ በሙሉ ይዘው፣ ሁለት ጆንያ ዳቦ አስቀድመው፣ ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀምጠዋል። ደምሴ ፊት ለፊት ነው፤ ራሱን በጉልበቱ መካከል ቀብሮ ይንሰቀሰቃል። ማን እንደሆነ አያውቁትም።

ከድንኳኑ በር ላይ ወደኋላ ለመመለስ አሰብኩ። ወደኋላ መሄድ ደግሞ ታውቃላችሁ አልችልበትም።

ሐጂ አዩኝ። ተነሡ። እንባቸው በጢማቸው ላይ እየወረደ መጥተው አቀፉኝ፤ ግጥም አድርገው። ከዚያ ለደንቆሮው ሹፌራቸው እንዲሰማ አድርገው፣ ከጆሮዬ ሥር፣ ድንኳኑ እስኪናጋ "ደምሴ ልጄ! አላህ ያጽናህ! እናት አንድ ናት! እናት አትተካም!" አሉ።

ለቅሶው ቆመ። አስለቃሿ እንኳ አፏን እንደከፈተች ቀረች።

ከኋላዬ የእናቴ ድምፅ መጣ። "የማን እናት?" አለች።

ሐጂ ቀና ብለው አዩዋት። "እርስዎ ማን ነዎት እሜቴ?"

"እናቱ ነኛ!"

ሐጂ አዩኝ። እኔ መሬት አየሁ። እናቴ ግን ገና አልጨረሰችም። "ማሙሽ፣ ለምንድነው ሰውዬው ደምሴ የሚሉህ? ለምንስ ነው የሚጮሁብህ? አንተ ደንቆሮ ነህ እንዴ?"

ያኔ ደምሴ ራሱን ከጉልበቱ አነሣ። መነጽሩን አውልቆ በነጠላው ጫፍ ጠረገና መልሶ አደረገ። "አባቴ፣ ደምሴ እኔ ነኝ" አለ።

ሐጂ ከእኔ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ እኔ ተመለከቱ። ከዚያ ቀስ ብለው ደምሴን "ታዲያ ይህን ሁሉ ወር ዱዓ ያደረግኩት ላንተ ጆሮ ነው?" አሉት።

"ጆሮዬ ደህና ነው አባቴ" አለ ደምሴ። "ዓይኔን ነው ትንሽ።"

ከኋላ ረድፍ አንድ ሰው የሳቅ ትንፋሽ አመለጠውና በሳል ሸፈነው። እኔ ግን ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። ኮልፌ መሬቱ ጭንጫ ነው፤ በቀላሉ አይከፈትም።

"ሐጂ፣ ላስረዳዎት…" አልኩ።

እጃቸውን አነሡ። "ሰው ሞቷል። ይቆይ።" ከዚያ ሄደው ደምሴን አቀፉት። እቅፉ ከእኔው የላላ አልነበረም፤ ግን ድምፅ አልነበረውም።

ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ላይ ነው። አንድ የእድር ሽማግሌ ሣጥኗን አይተው "መኪና አለ አይደል? አሮጊቶቹን እንጫናቸው እንጂ" አሉ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ ሐጂ ዞርኩ።

"መኪናዋ የእናንተው ናት" አሉ ሐጂ። "የሚነዳት ግን ፈቃድ ያለው ሰው ነው። ማን አለ?"

ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ሦስተኛ መንጃ ፈቃድ ያለው አንድ ሰው ነበር፤ እሱም እናቱን የሚቀብረው። ሣጥኗ እበሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። አሮጊቶቹ በእግራቸው፣ ከዘራቸውን እየተደገፉ፣ አንድ በአንድ ባዶዋን መኪና አልፈው ዳገቱን ወጡ። እናቴም ወጣች። ሦስት ጊዜ ቆማ አረፈች። ክንዷን ልይዝላት ስጠጋ ዝም ብላ አስለቀቀችኝ።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ደራሹ ሲቀንስ መንጃ ፈቃዱን ለደምሴ መለስኩለት። ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። "ስለ ፈቃዱ አልቀየምኩህም" አለኝ። "የሰጠሁህ እኔ ነኝ። ግን ለእናቴ የመጣውን እቅፍ አንተ ወሰድክብኝ።"

ለዚህ መልስ ያለው ሰው ካለ ዛሬም ይንገረኝ።

እናቴ ደግሞ ከዚያ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ "ተመስገን ያልከውን ለማንም አልናገርም" አለችኝ። "ብርነሽ ብትሰማህ ግን ትስቅ ነበር።" እሷ አልሳቀችም።

በአራተኛው ቀን ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። እንዲሰድቡኝ ተዘጋጅቼ ነበር። ስድብ ሸክም ያቀላል። እሳቸው ግን ወንበር ሰጡኝ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አሉ፤ እንደ ድሮው ሳይጮሁ። "በእነዚህ አምስት ወሮች የሰው ልጅ ብትገጭብኝ ኖሮ፣ ለፖሊስ የማንን ስም ነበር የምትሰጠው?"

"የደምሴን።"

"ለመታሰርስ?"

ቦዩ ትዝ አለኝ፤ እዚያ ቦይ ውስጥ ውኃ የምትቀዳ ሴት ብትኖርስ? ይህን እስከዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላሰብኩትም ነበር። ጥፋቴን ሁሉ ስቆጥር የከረምኩት በእኔ ላይ የደረሰውን ሃፍረት ብቻ እየለካሁ ነው። ያን ጊዜ ነው ያፈርኩት ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት የነበረው ድንጋጤ ነው።

ሐጂ ፈረዱ። ዳቦው በፈረስ ጋሪ ይሂድ፤ እኔ ከጋሪው ጎን በእግሬ እየሄድኩ ላውርድ፤ ፈቃዴን ሳወጣ ያን ጊዜ እንነጋገራለን። "ሰው ለምን በእግርህ መጣህ ሲልህ እውነቱን ትነግረዋለህ" አሉ። ዳቦ የማድልላቸው ሱቆች አሥራ ሰባት ነበሩ። አሥራ ሰባት ጊዜ ተናዘዝኩ። ቄስ ዘንድ ብሄድ በአንድ ያልቅልኝ ነበር። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ባለሱቆቹ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ አዝነው ሲያበቁ "ይሁን፣ በርታ ደምሴ" ይሉኛል። ፉርኖ ቤትም እንደዚያው ነው። ሐጂ ሳይቀሩ።

ወር ከምናምን አልፎ አንድ እሑድ ደምሴ ቤታችን መጣ። "ና" አለኝ። የሐጂን መኪና አስፈቅዶ ይዞ መጥቷል። ደጃችን ያለው ሜዳ ላይ አራት በርሜል ደርድሯል። ከጎኔ ተቀምጦ ሙሉ ቀን አስተማረኝ፤ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ወደኋላ ስትሄድ ወደኋላ እይ።" ለካ እኔ እፍረቱን ፈርቼ ዓይኔን እጨፍን ነበር። በስድስተኛው እሑድ በርሜሎቹ ሁሉ ቆመው ቀሩ።

ፈተናውን አለፍኩ። የመረመረኝ ሐኪም ዓይኔንም ጆሮዬንም አይቶ "እንዳንተ ያለ ጤነኛ አላየሁም" ብሎ ጻፈልኝ። አንድ ነገር ግን ቀረ፤ ለዕቃ መኪና ሹፌር ጠባዩን የሚያውቅ፣ ንግድ ያለው ሰው ቀርቦ ዋስ ይሁነው ይላል ቅጹ። ሐጂን ለመጠየቅ አንደበት አልነበረኝም። ጋሽ ሳህሌ ነገሩልኝ መሰለኝ፣ በማግሥቱ ሐጂ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው "ተነሥ እንሂድ" አሉኝ።

መሥሪያ ቤቱ ሰው ሞልቶበታል። ጸሐፊው ቅጹን ዘርግቶ ብዕሩን ነከረ።

"ይህን ሰው ያውቁታል?"

"አውቀዋለሁ" አሉ ሐጂ።

"ስሙን ይናገሩ።"

ሐጂ አፋቸውን ከፈቱ፤ "ደም—" ብለው አቆሙ። ግንባራቸውን አሻሹ። ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ ተጨንቀው፣ "ልጄ፣ ስምህ ማን ነበር ያልከኝ?" አሉ።

ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። "ሽማግሌ፣ ስሙን የማያውቁትን ሰው ነው የሚዋሱት?"

"የረሳሁት ስሙን ነው" አሉ ሐጂ። "የሠራውን ግን አንድ ሳይቀር አውቃለሁ። ጻፍ።"

ጸሐፊው እኔን አየኝ። ከኋላዬ ወረፋ የያዘው ሕዝብም ዞሮ አየኝ። ስሜን በሹክሹክታ ተናገርኩ።

"አልሰማሁም" አለ ጸሐፊው። "ጮክ በል።"

ጮክ ብዬ ተናገርኩ።